ለቤት እንስሳት የሚሆን ኤሌክትሮኒክስ አውሮፓ ውስጥ ለመሸጥ፦ የደኅንነት ሕጉን ደረጃ በደረጃ

ዕቃ ላይ የሚታተመው የሲኢ (CE) ምልክት ፈቃድ አይደለም። ብራስልስ ያለ ቢሮ ዕቃችሁን አይቶ ማኅተም አይመታበትም። ምልክቱ «ዕቃዬ የአውሮፓን ሕግ ያሟላል» ብሎ አምራቹ በራሱ ኃላፊነት የሚሰጠው ቃል ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ «ማስረጃው የታለ?» ሲል የምታወጡት ፋይል ከሌለ፣ ምልክቱ ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ነው። ያለ ማስረጃ መለጠፉ ራሱ ጥፋት ነው።

ይህ ጽሑፍ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሆናችሁ፣ ለውሻና ለድመት የሚሆን ኤሌክትሮኒክስ ከውጭ ፋብሪካ አስመጥታችሁ ለመሸጥ ለምታስቡ ነው። በአብዛኛው አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፦ ዋይፋይና ካሜራ ያለው፣ ባለቤቱ ከስልኩ የሚያዘው አውቶማቲክ የድመት መመገቢያ። ሕጎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል እሱን ይነኩታል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የትኛው ሕግ እንደሚመለከታችሁ ለዩ

ሁለት ጥያቄ ትልቁን ሥራ ይሠራል። ዕቃው ሬዲዮ አለው ወይ? በስንት ቮልትስ ነው የሚሠራው?

ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ሲም ካርድ ወይም ጂፒኤስ ካለው የሬዲዮ መሣሪያ ነው። ጂፒኤስ ይቀበላል እንጂ አይልክም ብላችሁ አትለፉት፤ መቀበያም ይቆጠራል። ሕጉ መመሪያ 2014/53/ኢዩ ነው፤ በሥራው ዓለም «ሬድ» ይሉታል። ሬድ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ዕቃው እንዳይጎዳ፣ ሌላ መሣሪያ እንዳይረብሽ፣ የተፈቀደለትን ሞገድ ብቻ እንዲጠቀም። ዝቅተኛ የቮልት ወሰን የለውም። በ3.7 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ጂፒኤስ ያለው የውሻ የአንገት ማሰሪያም የኤሌክትሪክ ደኅንነቱ ይመረመራል።

ሬዲዮ ከሌለውስ? የኤሌክትሮማግኔት ረብሻ መመሪያው 2014/30/ኢዩ አለ። የኤሌክትሪክ ደኅንነት መመሪያው 2014/35/ኢዩ ግን የሚሠራው በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከ50 እስከ 1000 ቮልት፣ በቀጥተኛው ደግሞ ከ75 እስከ 1500 ቮልት ላለው ዕቃ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካ፣ እንስሳ የሚጠጣበት የውሃ ፋውንቴን ውስጡ ይገባል፤ በዩኤስቢ በ5 ቮልት የሚሠራው አይገባም። ያ ማለት ግን ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። ከ2024 ዲሴምበር 13 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአጠቃላይ ምርት ደኅንነት ደንብ፣ 2023/988፣ ይይዘዋል። በአጭሩ ጂፒኤስአር ይባላል። ሌላ ሕግ ያልሸፈነውን ሁሉ እሱ ይሸፍናል።

አዳፕተሩን ለብቻው ቁጠሩት። ሳጥኑ ውስጥ አብሮ ስለመጣ የመመገቢያው አካል አይሆንም። የራሱ የደኅንነትና የረብሻ ምርመራ አለው፤ የኃይል ቁጠባ ደንብ 2019/1782ም ይመለከተዋል። ብዙ አስመጪ መመገቢያውን አስመርምሮ አዳፕተሩን ይረሳዋል። ርካሽ አዳፕተር ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከዚያ ኬሚካሉ ይመጣል። ሮኤችኤስ የሚባለው መመሪያ 2011/65/ኢዩ 10 ንጥረ ነገሮችን ይገድባል፤ እርሳስ ከ0.1 በመቶ፣ ካድሚየም ከ0.01 በመቶ መብለጥ የለበትም። የገመድ ፕላስቲክ የሚያለሰልሱ አራት ፍታሌቶችም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሪች የሚባለው ደንብ 1907/2006 ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ዕቃ ይመለከታል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ። ሻጮች የመመገቢያው ሳህን «ምግብ የሚነካ ዕቃ» ደንብን፣ 1935/2004ን፣ ያሟላል ብለው በኩራት ይጽፋሉ። ያ ደንብ ስለ ሰው ምግብ ነው። ለእንስሳ ሳህን ግዴታችሁ አይደለም። እንደ ጥራት ማሳያ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ከዚህ በላይ አትጠብቁበት።

ሞገዱንም ገና በመጀመሪያው ጠይቁ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የአንገት ማሰሪያ በ915 ሜጋኸርዝ ሊሠራ ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚለመደው 868 ነው። ፋብሪካው «ያው አንድ ሞዴል ነው» ካላችሁ አትመኑ።

2. እናንተ በሕጉ ፊት ማን ናችሁ?

በፋብሪካው ስም የሚሸጥ ዕቃ ካስመጣችሁ አስመጪ ናችሁ። የራሳችሁን ብራንድ ካተማችሁበት ግን ሕጉ አምራች ይላችኋል። ፋብሪካው ቻይና፣ ሼንዠን ይሁን፣ መሐንዲሶቹ የእነሱ ይሁኑ፣ ለውጥ የለውም። ፋይሉም ፊርማውም ኃላፊነቱም ወደ እናንተ ይዞራል። ሎጎ ማሳተም ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስብበት ይገባበታል። ፋብሪካው ሙሉ ፋይሉን ካልሰጣችሁ የራሳችሁን ብራንድ ባትለጥፉ ይሻላል።

የምትኖሩት ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ፣ ለንደንም ዱባይም አዲስ አበባም ይሁን፣ ኅብረቱ ውስጥ አድራሻ ያለው ኃላፊ ያስፈልጋችኋል። ሲኢ ለሚለጠፍባቸው እንደነዚህ ላሉት ዕቃዎች ይህ ግዴታ በደንብ 2019/1020 መሠረት ከ2021 ጁላይ 16 ጀምሮ አለ። ጂፒኤስአር ለቀሩት የሸማች ዕቃዎችም አስፍቶታል። ኃላፊው ፋይሉን ማቅረብ የሚችል፣ ተቆጣጣሪ ሲጠይቅ የሚመልስ መሆን አለበት። አድራሻ ብቻ የሚያከራይ ሰው አይበቃም።

3. ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ

ሥራው ሁሉ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። ፋብሪካውን «ሲኢ አለው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ የሚያምር አንድ ገጽ ሰርተፊኬትም ይመጣል። እሱን አስቀምጡትና ሙሉውን የላብራቶሪ ሪፖርት ጠይቁ። ሙሉው ብዙ ገጽ ነው፤ የዕቃው ፎቶ ከውጭም ከውስጥም አለበት።

ሪፖርቱ ሲመጣ ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፤ ጠመንጃ መፍቻ አዘጋጁ። መጀመሪያ የሞዴል ቁጥሩን አስተያዩ፤ የአንዲት ፊደል ልዩነት እንኳ ጽሑፍ ያለው ማብራሪያ ይፈልጋል። ቀጥሎ ክዳኑን ፍቱና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ሪፖርቱ ላይ ካለው ፎቶ ጋር አመሳክሩ። ሰሌዳው ላይ የታተመ ቁጥርና እትም አለ። ዋይፋዩን የያዘችው፣ ብዙ ጊዜ በብረት ክዳን የተሸፈነችው ትንሽ ሞጁል የማን እንደሆነች እዩ። ፋብሪካዎች ዋጋ ለመቀነስ ሞጁል ይቀይራሉ፤ ሪፖርቱ ግን የድሮው ሆኖ ይቀራል። ከዚያ አዳፕተሩን ገልብጡ። ሪፖርቱ 5 ቮልት 2 አምፒር እያለ የመጣላችሁ 1 አምፒር ከሆነ፣ የተመረመረው ሌላ ዕቃ ነው።

የስታንዳርድ ቁጥሮቹንም ተመልከቱ፤ «ኢኤን» የአውሮፓ ስታንዳርድ ማለት ነው። ለመመገቢያችን በብዛት የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦ ለቤት ውስጥ ዕቃ ደኅንነት ኢኤን 60335-1፣ ወይም ካሜራና ኮምፒውተር ነክ ባሕርይው ካመዘነ ኢኤን 62368-1። ለዋይፋይና ለብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ኢኤን 300 328። ለሬዲዮ መሣሪያ ረብሻ ኢኤን 301 489 ተከታታይ። ጂፒኤስ ካለ ኢኤን 303 413 ይጨመራል። ለሮኤችኤስ ሰነድ ኢኤን አይኢሲ 63000። ለሊቲየም ባትሪው ኢኤን 62133-2፣ ለማጓጓዣው ደግሞ ዩኤን 38.3። የመጨረሻው ከሌለ አየር መንገድ ጭነቱን አይቀበልም።

ላብራቶሪው አይኤስኦ 17025 የሚባለው የላብራቶሪ ብቃት እውቅና እንዳለው፣ ያ እውቅና ደግሞ ይህን ስታንዳርድ እንደሚሸፍን አጣሩ። እውቅና የሰጠው አካል ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ከዚያ ለላብራቶሪው ራሱ በኢሜል ጻፉና የሪፖርቱን ቁጥር አሳዩት። «የእኛ አይደለም» የሚል መልስ ከመጣ ብዙ ገንዘብ አዳናችሁ።

4. እንስሳውን አስባችሁ አደጋውን ገምግሙ

ሬድም ሆነ የኤሌክትሪክ ደኅንነት መመሪያው የሚጠብቁት ሰውንና ንብረትን ብቻ አይደለም። «የቤት እንስሳት» ብለው በግልጽ ጽፈዋል። ስለዚህ ለሰው የተዘጋጀ የአደጋ ዝርዝር ከሌላ ዕቃ ገልብጦ ማስገባት አይሆንም። የእናንተ ተጠቃሚ ድመት ወይም ውሻ ነው፤ የአጠቃቀም ጽሑፍ አያነብም፣ ገመድ ይነክሳል፣ ዕቃ ይገለብጣል።

በጽሑፍ አስቀምጡት። አደጋው ምንድን ነው? ምን ያህል ከባድ ነው? የመድረስ ዕድሉስ? ምን አደረጋችሁበት? ለመመገቢያው እንዲህ ታስባላችሁ። ድመት ገመዱን ብታኝክ የምትደርስበት ቮልት ስንት ነው? ከ5 ቮልት ገመድ እስከ 230 ቮልት ድረስ ልዩነቱ የሕይወት ነው። አዳፕተሩ ከሳህኑ ራቅ እንዲል ገመዱ በቂ ርዝመት አለው? ምግብ የሚያወርደው ጥርስ የድመቷን እጅ ወይም የሕፃን ጣት ይይዛል? ትልቅ ውሻ ቢገለብጠው ምን ይሰበራል? የተሰበረው ፕላስቲክ ስለት ይሆናል?

መብራት ሲጠፋ ወይም ዋይፋይ ሲቋረጥስ? ይህን ፋብሪካዎች እንደ ደኅንነት ጉዳይ አያዩትም፤ እኔ ግን ከፊት አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቱ ለቀናት ከቤት ርቆ፣ የኩባንያው ሰርቨር ቆሞ፣ ማሽኑ ምግብ ካላወረደ ድመቷ ትራባለች። ጥሩ መመገቢያ የምግብ ሰዓቱን ውስጡ ይይዛል፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቀጥላል። የእናንተ ይህን ማድረጉን ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ራውተሩን አጥፍታችሁ ፈትኑ። ውጤቱን ከቀን ጋር ጻፉ።

ለአንገት ማሰሪያ ትልቁ ጥያቄ ባትሪው ነው። ሁለት ውሾች ሲጫወቱ አንዱ የሌላውን ማሰሪያ ይነክሳል። ጥርስ የወጋው ሊቲየም ባትሪ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ያለው ደግሞ እንስሳው አንገት ላይ ነው። የቅርፊቱን ጥንካሬ የሚያሳይ የመጫንና የመውደቅ ፈተና ፋይሉ ውስጥ ይኑር። ለድመት የሚሆን ማሰሪያ ቅርንጫፍ ሲይዘው በራሱ የሚፈታ ማያያዣ ቢኖረው አንቆ አይገድላትም። ፋውንቴን ከሆነ ደግሞ ውሃው አልቆ ሞተሩ በደረቁ ሲሠራ፣ ፀጉር ሲጠቀለልበት ምን ያህል እንደሚሞቅ ለኩ።

5. ከኢንተርኔት የሚገናኝ ከሆነ የሳይበር ደኅንነቱ

ከ2025 ኦገስት 1 ጀምሮ በደንብ 2022/30 መሠረት፣ ከኢንተርኔት የሚገናኝ የሬዲዮ መሣሪያ የሳይበር ደኅንነት ግዴታ አለበት። በስልክ በኩል ቢገናኝም ያው ነው። የእኛ መመገቢያ ሳሎን ውስጥ የተተከለ ካሜራ ነው። የአንገት ማሰሪያው ደግሞ ባለቤቱ በስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጣ ያውቃል። ጉዳዩ የድመትና የውሻ ብቻ አይደለም።

የሚጠቅማችሁ የኢኤን 18031 ተከታታይ ነው። ክፍል 1 ለኔትወርኩ፣ ክፍል 2 ለግል መረጃ። ክፍል 3 ገንዘብ ለሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎች ስለሆነ በአብዛኛው አይመለከታችሁም። ኅብረቱ ስታንዳርዱን በ2025 ጃንዋሪ ሲያውጅ ገደብ አስቀምጦበታል፦ ተጠቃሚው የይለፍ ቃል ሳያስገባ እንዲጠቀም የሚፈቅድ ዕቃ በስታንዳርዱ ብቻ መተማመን አይችልም። አባል አገራት ለዚህ የሰየሙት መርማሪ ድርጅት ሊያየው ይገባል፤ ያ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የይለፍ ቃል ማውጣትን ግዴታ እንዲያደርግ ከመጀመሪያው ጠይቁ። ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ ቃል በፍጹም አይኑር።

የሳይበር ጥንካሬ ደንቡ 2024/2847 ደግሞ ከኋላ እየመጣ ነው። አምራቾች አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ያለ ክፍተት ሲያውቁ እንዲያሳውቁ ከ2026 ሴፕቴምበር 11 ጀምሮ፣ ሙሉው ደንብ ከ2027 ዲሴምበር 11 ጀምሮ። ከፋብሪካው ጋር ስትዋዋሉ የሶፍትዌር እድሳቱን ማን፣ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ ውሉ ላይ ይግባ።

6. ባትሪው የራሱ ሕግ አለው

ደንብ 2023/1542 ነው። ከ2024 ኦገስት 18 ጀምሮ ባትሪው ራሱ የሲኢ ምልክትና የተስማሚነት መግለጫ (ሕጉን ማሟላቱን አምራቹ ፈርሞ የሚያረጋግጥበት ወረቀት) ያስፈልገዋል። «ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣል» የሚለው የተሰረዘ የቆሻሻ ገንዳ ምልክትም አለ። ከ2027 ፌብሩዋሪ 18 ጀምሮ ደግሞ ተጠቃሚው ባትሪውን በቀላሉ አውጥቶ መቀየር መቻል አለበት። በሙጫ የተዘጋ የአንገት ማሰሪያ አሁን የምታዝዙ ከሆነ ይህን ቀን አስቡት። በዋነኛነት ውሃ ውስጥ ለሚሠሩ፣ ለሚታጠቡ ዕቃዎች ልዩ ሁኔታ አለ። «ውሻ ዝናብ ይመታዋል» ብቻ ተብሎ ለማሰሪያው ያ መከራከሪያ መነሳቱ ግን ለእኔ ደካማ ነው።

7. ፋይሉን ሰብስቡ፣ መግለጫውን ፈርሙ

ፋይሉ ውስጥ የዕቃው ገለጻና ፎቶ፣ የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕሉ፣ የክፍሎቹ ዝርዝር፣ የአደጋ ግምገማው፣ የስታንዳርዶቹ ዝርዝር፣ ሪፖርቶቹ፣ የመለያ ጽሑፉና የተጠቃሚ መመሪያው ይገባሉ። የተስማሚነት መግለጫው አንድ ወረቀት ነው፤ ሬድንም ሮኤችኤስንም አንድ ላይ መጥቀስ ይቻላል። ሞዴሉ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የስታንዳርዶቹ እትም፣ የፈራሚው ስምና ቀን ይኑሩበት። የመጨረሻው ዕቃ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ 10 ዓመት አስቀምጡት። ፋብሪካው ሊዘጋ ይችላል፤ ቅጂው እናንተ ዘንድ ይሁን።

8. መለያና ሳጥን

የሲኢ ምልክት ቁመት በመደበኛው ከ5 ሚሊሜትር አያንስም። ለሬዲዮ መሣሪያ ዕቃው ላይም ሳጥኑ ላይም ይታተማል። ከጎኑ ባለ አራት አሃዝ የመርማሪ ድርጅት ቁጥር አያስፈልግም፤ የሚመጣው በሙሉ የጥራት ሥርዓት መንገድ ለሄደ አምራች ብቻ ነው። ፋብሪካው ለማሳመር ብሎ ቁጥር ከጨመረ አስወግዱት።

የሞዴልና የምርት ዙር ቁጥር፣ የአምራችና የአስመጪ ስምና የፖስታ አድራሻ፣ የተሰረዘው የቆሻሻ ገንዳ ይኑሩ። የተጠቃሚ መመሪያው በምትሸጡበት አገር ቋንቋ ይሁን፤ ጀርመን ውስጥ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ፈረንሳይኛ። የሚጠቀመው ሞገድና ከፍተኛው የሬዲዮ ኃይል ተጽፎ መገኘት አለበት። ይህ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይጎድላል።

9. ምዝገባው በየአገሩ ነው

የሲኢ ምልክት ለሁሉም አባል አገር ይሠራል፤ የቆሻሻ ምዝገባ፣ ማለትም ዕቃው፣ ባትሪውና ማሸጊያው ሲጣሉ ኃላፊነቱን ለመውሰድ የሚደረገው፣ ግን አይሠራም። ጀርመን ውስጥ ለኤሌክትሮኒክስና ለባትሪ ሽቲፍቱንግ ኢኤአር የሚባለው መዝጋቢ ድርጅት ዘንድ፣ ለማሸጊያ ሉሲድ የሚባለው መዝገብ ላይ ትመዘገባላችሁ። ፈረንሳይና ስዊድን ላይ ደግሞ እንደገና በየራሳቸው። በዚያ አገር ድርጅት ከሌላችሁ የተፈቀደለት ወኪል ትቀጥራላችሁ። አማዞንን የመሰሉ ገበያዎች ቁጥሩን ካላዩ የጀርመን ሽያጩን ይዘጉታል። በአንድ አገር ጀምሩ፤ ሲጠነክር ሁለተኛውን ጨምሩ።

የሽያጭ ገጹም የሕግ ሰነድ ነው። ጂፒኤስአር የአምራቹን ስም፣ የፖስታና የኢሜል አድራሻ፣ አምራቹ ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ የኃላፊውን አድራሻ፣ የዕቃውን ፎቶና ዓይነት፣ ማስጠንቀቂያዎቹን በገዢው ቋንቋ እንድታሳዩ ይጠይቃል። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ይታይ።

10. አንዳንዱን ዕቃ ጭራሽ አትንኩ

በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያሠለጥን የውሻ ማሰሪያ ፍጹም የሆነ ሰነድ ቢኖረው እንኳ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ዴንማርክና ስዊድን ውስጥ መጠቀሙ በእንስሳት ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው። ገበያው ቢኖር እንኳ እኔ አልመክርም፤ እንስሳን አሳምሞ የሚሸጥ ዕቃ ነው። የሌዘር መጫወቻ ከሆነ ደግሞ የጨረሩ የአደጋ ደረጃ በኢኤን 60825-1 ተለክቶ ሪፖርት ካልመጣ አትዘዙ። ዓይን አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። የድመትም የልጅም።

11. ከተሸጠ በኋላ

ቅሬታዎችን በአንድ መዝገብ ያዙ። «ሞቀ»፣ «ሸተተ»፣ «ነዘረኝ»፣ «ጭስ አየሁ» የሚሉ ቃላት በአስተያየት ውስጥ ካያችሁ በዚያው ቀን ሽያጩን አቁሙና ዕቃውን አስመልሳችሁ ክፈቱት። ዕቃው አደገኛ ከሆነ ወይም አደጋ ካደረሰ ሴፍቲ ቢዝነስ ጌትዌይ በሚባለው የኅብረቱ መግቢያ ሳትዘገዩ ታሳውቃላችሁ። ማስታወቂያው ሴፍቲ ጌት በሚባለው የኅብረቱ የአደገኛ ዕቃዎች ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ሊወጣ ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ያን ድረ ገጽ ገብታችሁ ለእንስሳት የተሠሩ ዕቃዎች ምን እንደተገኘባቸው ብታነቡ ትልቅ ትምህርት ነው።

ዕቃ ከገበያ ስትመልሱ የጽሑፉ ቃና ራሱ በሕግ ተወስኗል። «በፈቃዳችን»፣ «ለጥንቃቄ ያህል»፣ «አልፎ አልፎ በሚከሰት ሁኔታ» እያላችሁ አደጋውን ማለሳለስ አይፈቀድም። «እስካሁን የደረሰ አደጋ የለም» ማለትም እንዲሁ። አደጋውን በግልጽ ትናገራላችሁ፤ ለገዢው ከጥገና፣ ከመለወጥና ከገንዘብ መመለስ ቢያንስ ሁለቱን አቅርባችሁ ታስመርጡታላችሁ።

እዚህ ላይ የምርት ዙር ቁጥሩ ዋጋውን ያሳያል። ከየትኛው ዙር ለየትኛው ገዢ እንደተላከ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዋ ሽያጭ ጀምራችሁ ያዙ፤ ቀለል ያለ ኤክሴል ይበቃል። የአንድ ዙር አዳፕተር ተበላሽቶ ከተገኘ የዚያን ዙር ገዢዎች ብቻ ለይታችሁ ታገኛላችሁ። ሰንጠረዡ ከሌለ የሸጣችሁትን ሁሉ ትመልሳላችሁ።